መስኮቱን ክፈቱት

ወረቀቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጄ ከላጠችው ብርቱካን አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። የኮፒ ኮፒ ነው፤ ጠርዙ ላይ የድሮ ስቴፕል ጥቁር ጥላ አርፎበታል፣ መስመሮቹም ወደ ግራ ዘምመዋል። አነሣሁትና፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ አሸተትኩት። ያው የሞቀ ቀለም ሽታ። በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ግጥምን ለመረዳት የሚያስፈልጉ መሠረታዊ ቃላት» ይላል። በግራ በኩል ቃሉ፣ መካከል ላይ ፍቺው፣ በቀኝ በኩል ምሳሌ የሚጻፍበት ባዶ ሣጥን። ስንኝ፣ ቤት፣ አነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት።

«ማሚ፣ ወረቀት ታሸቻለሽ እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

«አውቀዋለሁ ይኼን።»

«ዛሬ እኮ ነው የተሰጠን።»

«ለኔ የተሰጠኝ አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

አላመነችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም። በዚህ የስደት ከተማችን ያልፈረሰና እንደገና ያልተሠራ ነገር ጥቂት ነው፤ ሪጀንት ፓርክን የሚያህል ሰፈር ከነመሠረቱ ነቅለው ሌላ ሰፈር ሲተክሉ፣ ይህችን አንዲት ገጽ የሚነካት ጠፋ። ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የበሬ ሥዕል ታውቁታላችሁ? ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ እየተባለ በመስመር የተሸነሸነውን? ወረቀቷ እሱ ናት። ሥዕሉን አጥንቶ ፈተና ያለፈ ሰው ብልቱን ሁሉ ይነግራችኋል። በሬው ሲያገሳ ግን ሰምቶ ስለማያውቅ፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ቢያገሳበት ፖሊስ ይጠራል።

ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። ፈተናውን ያለፍኩት እኔ ነኝ። ፖሊሶቹም መጥተዋል።

*

እኔ ግጥም የተማርኩት ሴንት ጄምስ ታውን፣ ከምድር በታች፣ የሕንፃችን ላውንደሪ ሩም ውስጥ ነው። ያስተማረችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እትዬ ነበር የምላት። ከካርቱም ይዛኝ ስትመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እዚህ የነበረን ዘመድ እሷ ለኔ፣ እኔ ለእሷ ነበርን። ባሏ አገር ቤት ቀርቶ ነበርና ስፖንሰር አድርጋው ወረቀቱን ትጠብቃለች። ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ቢሮ ታጸዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁለት ከረጢት ልብስ ተሸክመን ከአሥራ ስምንተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት እንወርዳለን።

ያ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ረጅሙ መብራት እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል፤ በረኪናና ገና ከማድረቂያው የወጣ ጥጥ ይሸታል። እትዬ የማድረቂያውን ክዳን በመዳፏ እየመታች የስንኙን ቀለም ታስቆጥረኛለች። ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። ማሽኑ ሲንጓጓ ቆጠራው እንዳይጠፋብኝ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ጎረቤቶቻችን ካልሲ የምንቆጥር ይመስላቸው ነበር።

«ቤት ምንድን ነው?» ትለኛለች።

«ስንኙ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል።»

«ፊደልማ ገበታ ላይ ነው። ቤት የሚገባበት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በሩን ከፍቶ ያልፋል፣ ሁለተኛው ተከትሎት ይገባል። ካልገባ እንደዚህ አገር ሰው ብርድ ላይ ቀረ ማለት ነው።»

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ዘይቤ የሚባል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ግን ሊፍቱ በተበላሸ ቀን፣ ከሥራ መጥታ አሥራ ስምንቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለች፤

ሊፍቱ ደከመውና ቆሞ ዋለ ዛሬ፣
እኔ ተሸከምኩት አሥራ ስምንት ዞሬ።

ሳቅሁ። እሷም እያለከለከች ሳቀች። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ያችን ወረቀት ሰጡንና «ሰውኛ» ከሚለው ቃል ትይዩ፣ ግዑዝ ነገር እንደ ሰው ሲደረግ፣ የሚል አነበብኩ። የደከመው ሊፍት ትዝ አለኝ። እጄን አውጥቼ፣ በኛ ቋንቋ «ራይም» ቤት ይባላል፣ ግጥም ሲገጥም ቤት መታ ይባላል አልኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሀው ስዊት!» አለች። ወደሚቀጥለው ቃል ሄደች። ያኔ አመስግኛታለሁ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። አንድ ሕዝብ ስለ ግጥም ያሰበውን ሁሉ በአንድ ቃል ነግሬያት፣ ከረሜላ እንዳቀበልኳት ቆጠረችው።

እኛም ብንሆን ከዚያች አስተማሪ አንሻልም፤ እንዲያውም እንብሳለን። የዚህ ከተማ አበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሰምና ወርቅ ይናገራል። ለእኛ ብቻ የተሰጠ ነው፣ ፈረንጅ አይገባውም፣ ይላል። አንድ ስንኝ አውጣ ሲባል የሚያመጣው ያንኑ ሁላችንም ተማሪ ቤት የሸመደድነውን ነው። ወርቅ ፍለጋ የማይቆፍሩት ጓሮ የለም። ሰሙን ግን የሚያየው የለም። እትዬ ስለ ወርቅ ምንም ብላኝ አታውቅም። «የተባለውን ስሚ» ነበር የምትለኝ። «መጀመሪያ የተባለውን ስሚ።»

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ያስፈልጋልና። እትዬ ጠዋት ጠዋት የእንግሊዝኛ ክፍል ትማር ነበር። ዓርብ ዓርብ አስተማሪው ጊታር ይዞ ይመጣል። ከዚያ የምትመለሰው እየተቆጣችም እየሳቀችም ነው።

«ዛሬም ሶንግ ነበረን» ትለኛለች። «ስንት ዓመት ሬሳ የሸኘሁ ሴትዮ፣ እጄን እያጨበጨብኩ ዘፈን!»

እውነቷን ነው፣ ሬሳ ሸኝታለች። እትዬ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ካርቱምም፣ እዚህም፣ ሰው ሲረዳ እሷን ይጠራሉ። ልቅሶ ቤት ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትቆም ወሬ ይቆማል። ሟቹን አታውቀውም እንበል፤ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ስንኙ ይወርዳል። ማልቀስ አቅቶት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የዋለ ወንድ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት በእሷ ቃል ነው።

*

መርዶው የመጣው መጋቢት ውስጥ፣ ሐሙስ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው።

እንደ ወጉ በማለዳ መጡ። ጥቁር የለበሱ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ሊፍት ውስጥ ታጭቀው። ፊት ፊት የመረዳጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ደጉ፣ ረጅሙ፣ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ የማይናገሩት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እትዬ ፒጃማ ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሰዎቹን አየች፣ አንድ በአንድ። ማንም ምንም ሳይል የባሏን ስም ጠራች።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያን ጩኸት አልገልጸውም። ሴቶቹ ያዟት፣ አመለጠቻቸው፣ ሳሎኑ መካከል ቆመች። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄአለሁ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ትንፋሿን ሰበሰበች። መዳፏ ጭኗን ሲመታ አየሁ። ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። ለሰው ሁሉ ስታወርድ የኖረችውን ለራሷ አወረደችው፤

መስኮቱን ክፈቱት ልውረድ ከሱ ጋራ፣
ምን አደርገዋለሁ ፎቅ እንደ ተራራ።

ሴቶቹ «ወይኔ!» ብለው ተቀበሏት። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትል ሰብሳቢው ራሳቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። ከውጭ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ነግቷል፣ ከታች የአውቶቡስ ፍሬን ይሰማል። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ከጎረቤት አንዱ ደውሎ ኖሯል። ሁለት ፖሊሶች፣ ከኋላቸው የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐሩ። ሰብሳቢው ወደ በሩ ሄደው በሁለት እጃቸው ሰላም እያሉ «ካልቸር! ካልቸር!» አሏቸው። ሴቶቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመሩ። ፖሊሷ በሰዎቹ መካከል አየችኝ፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ከጎኔ ነበር።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አለችኝ።

እችላለሁ? ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። ትናንትና የግጥም ፈተና ተፈትኛለሁ።

«ምንድን ነው የምትለው?»

እትዬ አራተኛ ጊዜ እያለችው ነበር። እኔም ተረጎምኩት። በጥንቃቄ ተረጎምኩት፣ አንዲት ቃል ሳልጥል። አሳመርኩትም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እኔን እየሰማ ነው፤ የእትዬን ስንኝ በእንግሊዝኛ አቁሜው በማየቴ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል። መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ አብሬው ልውረድ። እንደ ተራራ የረዘመ ሕንፃ ምን ያደርግልኛል።

ፖሊሷ መስኮቱን አየች። ከመስኮቱ ቀጥሎ የባልኮኒውን በር አየች።

«ከመስኮቱ መውረድ እፈልጋለሁ ነው የምትለው?»

«አዎ» አልኩ። «እንደዚያ ነው የሚለው።»

እኔ ስንኙን ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው ሴትዮዋን ነው።

እስኪ አንድ አበሻ ቤት ለአንድ ቀን አስተርጓሚ አስቀምጡ። ቁርስ ሳይበላ ሦስት ሰው ይሞታል። እንግዳ አልበላም ሲል «ሞቼ ልገኝ» እንላለን። አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ «አፈር ስሆን» እንላለን። ሕፃን ሲያደናቅፈው «እኔን ይድፋኝ»፣ ጓደኛ ውለታ ሲጠየቅ «ልሙትልህ»። አፋችን ሙሉ መቃብር ነው፤ ከመቃብሩ ግን ፍቅር እንጂ ሬሳ አይወጣም። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙንም አውቅ ነበር፤ ከአሥራ ስምንት ሰዓት በፊት ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ሃይፐርቦሊ። ግነት። ለማጉላት እንጂ ቃል በቃል እንዲወሰድ ያልታሰበ አነጋገር። አንዲት ቃል ናት። ፖሊሷ ፊት ቆሜ አልመጣችልኝም፤ ለፈተና የተማርኳት ነገር ለሰው እንደምታገለግል ማን ነግሮኝ!

ፖሊሶቹ ከቆመችበት ያዟት፣ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ጣሉባት። እሷም የት እንደሚወስዷት ሳታውቅ እኔን አየችኝ።

«ምን አልሻቸው?»

«ያልሽውን ነው ያልኳቸው፣ እትዬ።»

*

የወሰዷት ሆስፒታል ለሦስት ቀን ሊያቆያት እንደሚችል ነገሩኝ። ለደኅንነቷ ነው አሉኝ። የሚያነጋግራት ሐኪም ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል።

ቅዳሜ ሳልስት ነው። እኛ ዘንድ ከሞቱ ቀን የራቀ መርዶ የራሱ ሳልስት አለው፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ ሐዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሰው ይመለሳል። የባሏ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ የሟች ሚስት አልነበረችም። ሐሙስ ማታ ሰብሳቢውን ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ እስክትመጣ ብናዘገየውስ?»

«ልጄ» አሉኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሳልስት ቀጠሮ አይደለም፤ አይገፋም። አንቺ ብቻ ቅዳሜ አስወጪያት። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ዓርብ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ፈተናው ተመለሰልኝ። ሙሉ ነጥብ። በቀይ ቀለም ፈገግ ያለች ክብ ፊት ተሥላበታለች። ግነት ከሚለው ትይዩ ትልቅ የልክ ምልክት።

ከሰዓት እትዬን ላያት ሄድኩ። ነጭ ጋወን አልብሰዋታል፤ ጸጉሯ አልተጎነጎነም። ክፍሉ የተቀቀለ ካሮትና የመድኃኒት ሽታ ነበረው። መስኮቱ የማይከፈት ዓይነት ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ነገ ሳልስቱ አይደል?»

«ነው።»

«አድርሺኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደክሞታል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቷል፤ እትዬን ሳይሆን እኔን እያየ ያወራል። ፖሊሶቹ የጻፉትን አነበበልኝ፤ የኔን ትርጉም፣ ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን ያሳመርኩትን ነገር። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«የምሯን ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው መልስ ስሰጠው ኖሬአለሁ። አዎ የምሯን ነው፣ ከዚህ የበለጠ የምሯን ሆና አታውቅም፣ እለዋለሁ። ግን ልትዘል አይደለም። ሙሾ ይባላል። ሥራዋ ነው፣ ሌላው ሰው እንዲያለቅስ ቃል ታበጃለች። ፎቁን ስንኙ ውስጥ ያስገባው ሐሳቧ አይደለም፣ ቤቱ ነው። «ጋራ» ስትል ጋራ ተራራን ጠራው፣ ተራራው እሱን የመሰለውን ፎቅ ይዞ መጣ። አብሬ ልውረድ ማለት ደግሞ አብረን ነበርን ማለት ነው። ቃሉን ነገር አድርጋችሁ ሦስት ቀን ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ፤ መንገዱን የመራኋችሁ እኔ ነኝ። ይህንን ሁሉ እለዋለሁ፣ ሻወር ስወስድ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ።

ያን ቀን ግን ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቤታችን ሰው እየሞላ ነው። ይህን ሰው በአጭሩ የሚያሳምነው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። አገኘሁትም።

«ጀስት ኤ ሶንግ» አልኩት። ዘፈን ነው፣ ሌላ አይደለም፤ አገራችን ሰው ሲሞት የሚዘፈን አሮጌ ዘፈን ነው፤ ምንም ማለት አይደለም።

የሐኪሙ ፊት ተፈታ። «አህ፣ ሶንግ!» አለ። ጻፈው። ፈገግ ብሎ እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ በዝግታ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገሩት፣ «ቢዩቲፉል ሶንግ» አላት።

ዓርብ ዓርብ የተማረችው ቃል ነው። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነበር፤ ያንን ግን ታውቀዋለች።

*

ሰብሳቢው በመኪናቸው ወሰዱን። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጨው ለብሷል፤ ፀሐይዋ የመኪናውን መስተዋት አልፋ እጇ ላይ አረፈች። እጇ አይንቀሳቀስም። ሕንፃችን ሲታይ ዞራ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ዘፈን ነው አልሻቸው?»

«እንዲለቁሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለቀቁኝ» አለች።

ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሴቶቹ መካከሉን ለቀቁላት፤ እንደሚለቀቅላት፣ ሁልጊዜ እንደሚደረገው። ነጠላዋን አምጥተው አዘቅዝቀው አለበሷት። ጠበቁ። የራሷን ባል ነው፣ የከተማው ሙሾ አውራጅ ናት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያፈነችው ነው፤ ምን ይወርድ ይሆን ብለው ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። መዳፏን እያየሁ ነበር።

ሄዳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ» አለች አንዲቱ፣ እያለቀሰች፣ «እስቲ በይው። አይታመቅ፣ በይው።»

«ልቅሶ ቤት አይዘፈንም» አለች እትዬ።

ሰዎቹ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው ብለው ተያዩ። ያልገባው ሰው ብዙ ነበር። የገባን ሁለት ነን፣ እሷና እኔ።

*

ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ምክር ነው ተብሎ ሱፐሩ መጥቶ የባልኮኒውን በር ቆለፈው፣ መስኮቶቹንም በብሎን አሰራቸው። ቁልፉን ሲመልሱልን ሁለተኛው በጋ አልፎ ነበር። ብሎኑን ግን ማንም አልፈታውም። ሐምሌ ላይ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ እትዬ ከተዘጋው መስኮት ሥር ተቀምጣ በጋዜጣ ታራግባለች። ሊፍቱ ሲበላሽ ዝም ብላ ትወጣለች። ቅዳሜ ላውንደሪ እንወርዳለን፣ ማሽኑ ይንጓጓል፣ እኛ ካልሲ እንቆጥራለን።

ልቅሶ ሲጠሯት ትሄድ ነበር። ሻይ ትቀዳለች፣ ወንበር ታቀርባለች።

አንድ ጊዜ ብቻ አነሣሁባት፣ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ። ያን ጊዜ ያልኩትን ማለት አልነበረብኝም አልኳት።

«ተይው። ባትዪ ኖሮ ሳልስቱን እዚያው እውል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውሽ?»

ድንች እየላጠች ነበር። ብዙ ላጠች።

«ቤቱ ጠፋኝ» አለችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ አረፈች። የቀብር አዳራሹ ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ እግር አይሰማበትም። የተፈቀደልን ሰዓት ተነግሮናል። አንድ ወጣት በስልኩ የዋሽንት ሙዚቃ ከፈተ፤ የሕይወት ታሪኳ ተነበበ፤ የተወለደችበት፣ የሠራችበት፣ አንዲት ቃል ስለ ሙሾዋ የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያሁኑ ሰብሳቢ ጠጋ ብሎ «አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ እንዴ፣ አንድ ነገር በያ» አለኝ። ተነሣሁ። የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ መጥራትን የአማርኛ መጻሕፍት እንቶኔ ይሉታል። ጠራኋት፤

ዘፈን ነው ብያለሁ ይቅር በይኝ እቴ፣

ሁለተኛው አልመጣም። «ቴ» የሚመታ ቃል ሞልቷል፤ እናቴ፣ ሕይወቴ፣ አንጀቴ፣ ቤቴ። ሁሉም በሩ ላይ ተጋፉ፣ አንዱም አልገባ አለ። ቆምኩ። ሰዎቹ ሐዘን ያነቀኝ መስሏቸው አባብለው አስቀመጡኝ። ስንኙ እስከ ዛሬ ብርድ ላይ ነው።

*

«ማሚ፣ ለዚህኛው ምሳሌ ስጪኝ» አለችኝ ልጄ። ጣቷ ግነት የሚለው ላይ ነው።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሊፍቱን፣ ፖሊሷን፣ ሐኪሙን። እትዬን ታስታውሳታለች፤ ብርቱካን እየላጠች የምትሰጣት ዝምተኛ አሮጊት ነበረች። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ ይህ በሕይወቷ ሁለተኛው ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ስንኞቹን እንድደግምላት ጠይቃኝ በእንግሊዝኛ ፊደል ሣጥኑ ውስጥ ጻፈቻቸው፤ የኛን ፊደል አስተምሬያት አልጸናላትም። «ቀ» ን የምትጽፍበት አጥታ ሁለት ጊዜ ሰረዘች።

«እዚህ ጋ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ኤክስፕሌይን አድርጉ ይላል። ምን ልበል?»

ብዕሩን ልቀበላት እጄን ዘርግቼ ነበር። መለስኩት።

«ባዶ ተዪው።»

«ማርክ ትቀንስብኛለች።»

«ትቀንስ።»

ትከሻዋን ነቀነቀችና የጻፈችውን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ልክ መሆኑን ለማየት። ቃላቱን በተሳሳተ ቦታ ትሰብራቸዋለች። «ራ» ምላሷ ላይ ይጠቀለልባታል። «ጋራ» ብላ ቆመች፣ የሚቀጥለውን ለመለየት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ያ ሰው የሞላበት ሳሎን እንዳደረገው፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«…ፎቅ እንደ ተራራ» አለች።

ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። አሁን የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከታች ያለው የጎረቤት ብስክሌትና ያልቀለጠ በረዶ ነው። እጀታውን አዙሬ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ብርዱ ገባ፣ የመንገድ ባቡሩ ደወል ገባ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ማሚ! ብርድ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት» አልኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝና እዘጋዋለሁ።»